«ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» ሲል ሊሚቱን የት ጋ ነው የምትጨምሩት? ዩሊሚት፣ ሊሚትስ.ኮንፍ፣ ሲስተምዲ ወይስ ሌላ

ሊኑክስ ሰርቨር የምትነካኩ ሁሉ ይቺን ኤረር ታውቋታላችሁ። ሳይቱ ሲሰራ ይቆይና ድንገት ግማሹ ሰው ይገባል ግማሹ አይገባም፣ ሎጉን ስትከፍቱት «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» የምትል መስመር ከላይ እስከ ታች ሞልታ ታገኟታላችሁ። ፕሮግራሙ ባንዴ እንዲከፍት የተፈቀደለትን የፋይልና የኔትወርክ ግንኙነት ብዛት፣ ማለትም ሊሚቱን፣ ጨርሷል ማለቷ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ይሄን ስራ የሚሰሩ ልጆችን ብትጠይቁ አብዛኛው የሚነግራችሁ ሊሚትስ.ኮንፍ ላይ ሁለት መስመር ጨምርና ሪቡት አድርግ ነው። አንዳንዴ ይሰራል፣ ብዙ ጊዜ ግን ምንም ለውጥ የለም፣ ከዛ ሰውየው ቁጥሩ አንሶ ይሆናል ብሎ ከ65535 ወደ አንድ ሚሊዮን ያሳድገዋል፣ አሁንም ያው ነው። አንድ ፕሮሰስ (እየሰራ ያለ ፕሮግራም) ሊሚቱን የሚወርሰው ካስነሳው አካል ስለሆነ ስንት ላድርገው ከማለታችሁ በፊት ይሄን ፕሮሰስ ማን አስነሳው በሉ። መልሱ ሲስተምዲ (ማሽኑ ሲነሳ ሰርቪሶቹን የሚያስነሳው) ከሆነ አንድ ቦታ ነው የምትነኩት፣ በኤስኤስኤች (ከሩቅ በተርሚናል) የገባ ሰው ከሆነ ሌላ ቦታ፣ ዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴነር በሚባል የተከለለ ሳጥን ውስጥ የሚያስነሳው) ከሆነ ደግሞ ሌላ። አማራጮቹን አንድ በአንድ አወዳድራቸዋለሁ።

ትዕዛዞቹንና የፋይል መንገዶቹን በአፍ እንደምንጠራቸው ነው የጻፍኳቸው፣ ተርሚናል ላይ እንዴት እንደሚመቱ መቼም አይጠፋችሁም።

መጀመሪያ ግን ኤረሩን ለዩ

ሁለት መንታ ኤረሮች አሉ። ቁጥር 24 አንድ ፕሮሰስ የራሱን ኮታ ሲጨርስ የሚመጣው ነው፣ ቁጥር 23 ደግሞ መጨረሻው ላይ «ኢን ሲስተም» የሚል ጭራ አለው፣ ማሽኑ በሙሉ ሞልቷል ማለት ነው። 23ን በዚህ ዘመን ማየት ብርቅ ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ካት /ፕሮክ/ሲስ/ኤፍኤስ/ፋይል-ኤንአር በሉ፣ ሶስት ቁጥር ይሰጣችኋል። የመጀመሪያው አሁን የተያዘው ነው፣ የመሃሉ ከከርነል 2.6 ወዲህ ሁሌም 0 ነው፣ የመጨረሻው ጣሪያው ነው። አዲስ ሲስተም ላይ ጣሪያው 9223372036854775807 ብሎ ቢመጣ አትደንግጡ፣ ሲስተምዲ ከቨርዥን 240 ማለትም ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ማሽኑ ሲነሳ ራሱ ነው እስከቻለው ድረስ የሚሰቅለው።

ሶስተኛ አስመሳይም አለ፣ እሱ ነው ሰው የሚያደክመው። ኢኖቲፋይ የሚባለው ፋይል ሲቀየር የሚከታተለው ነገር የራሱ ኮታ አለው፣ ማክስ_ዩዘር_ኢንስታንስስ ይባላል፣ ዲፎልቱ ብዙ ቦታ 128 ነው፣ ሲሞላ የሚያወጣው ኤረር ግን ያው ቁጥር 24 ነው። ስለዚህ የኤረሩ መስመር ላይ ኢኖቲፋይ የሚል ቃል ካያችሁ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይመለከታችሁም፣ ሲስሲቲኤል (የከርነሉን ሴቲንግ የሚቀይረው ትዕዛዝ) ላይ እሷን ቁጥር ጨምሩና ወደ ስራችሁ። የሱ ወንድም የሆነው የዎች (የሚከታተላቸው ፋይሎች ብዛት) ኮታ ሲሞላ ደግሞ «ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ» ነው የሚለው፣ ዲስኩ ግማሽ ባዶ ሆኖ እያለ! በዚህ ደንግጦ የባካፕ ፋይል የሚያጠፋ ሰው አይጠፋም።

እሺ፣ 24 ነው እንበል። አሁን የፕሮሰሱን ቁጥር ያዙና ካት /ፕሮክ/1873/ሊሚትስ በሉ፣ 1873ን በራሳችሁ ቁጥር ተኩ። «ማክስ ኦፕን ፋይልስ» የሚለው መስመር ላይ ሁለት ቁጥር አለ፣ ለምሳሌ 1024 እና 524288። የመጀመሪያው ሶፍት ነው፣ አሁን በተግባር የሚሰራው። ሁለተኛው ሃርድ ነው፣ ፕሮሰሱ ራሱ ማንንም ሳያስፈቅድ ሶፍቱን እስከዛ ድረስ ማሳደግ ይችላል። የራሳችሁን ተርሚናል ላይ ዩሊሚት -ኤን ብላችሁ ያያችሁት ቁጥር የእናንተ ሼል ሊሚት ነው እንጂ የሰርቪሱ አይደለም፣ ግማሹ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሶፍቱ እስካሁን 1024 ላይ የቀረው በስንፍና እንዳይመስላችሁ። ሰሌክት የሚባለው የድሮ ሲስተም ኮል ከ1023 በላይ የሆነ የፋይል ዲስክሪፕተር (ለእያንዳንዱ የተከፈተ ፋይል የሚሰጥ መለያ፣ ባጭሩ ኤፍዲ) ቁጥር አይዝም፣ እሱን የሚጠቀም አሮጌ ፕሮግራም በድንገት ትልቅ ቁጥር ቢደርሰው ሜሞሪው ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሶፍቱ ዝቅ ብሎ ሃርዱ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፣ የሚችል ፕሮግራም ራሱ ያሳድግ ተብሎ። ጃቫ ያሳድጋል፣ ኖድ ያሳድጋል፣ ጎ ከ1.19 ጀምሮ ያሳድጋል። ፓይተንና ፒኤችፒ ግን የሰጣችኋቸውን ይዘው ነው የሚቀመጡት። ይሄ ምን ይነግራችኋል፣ አዲስ ኡቡንቱ ላይ ያለ የኖድ ሰርቪስ ይሄን ኤረር ካወጣ ግማሽ ሚሊዮን ፋይል ከፍቶ ጨርሷል ማለት ነው፣ እዛ ላይ ሊሚት መጨመር ቀልድ ነው።

መጨመር ነው ወይስ ሊክ (ተከፍቶ ሳይዘጋ የሚቀር)?

ኤልኤስ /ፕሮክ/1873/ኤፍዲ | ደብልዩሲ -ኤል በሉና የተከፈተውን ቁጠሩ። ኤልኤስኦኤፍ አትቁጠሩበት፣ እሱ ላይብረሪውንም የሚሰራበትን ፎልደርም ምኑንም አንድ ላይ ስለሚዘረዝር ሁሌ ከእውነተኛው በላይ ነው የሚያሳያችሁ፣ ምን እንደተከፈተ ለማየት ግን ጥሩ ነው።

ከዛ በየሰዓቱ መዝግቡ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የህንጻ መሳሪያ የሚያከፋፍል ሱቅ የስቶክ ፕሮግራም ነበረው፣ በፓይተን የተሰራ፣ ሽያጭ በተመዘገበ ቁጥር ለባለቤቱ ቴሌግራም ላይ መልዕክት የሚልክ። ማታ ማታ ይቆማል፣ ሪስታርት ሲደረግ ይነሳል፣ በማግስቱ ማታ ይቆማል። ጭነት ቢሆን ኖሮ በገበያው ቀን ይወጣል፣ ምሳ ሰዓት ሱቁ ጭር ሲል ይወርዳል። የዚህ ግን ጠዋት ስልሳ ምናምን፣ ረፋድ ላይ ሶስት መቶ፣ ምሳ ሰዓት ላይም ያው ሶስት መቶ፣ አንዴም ወርዶ አያውቅም። ኤስኤስ -ታንፒ ሲባል ክሎዝ-ዌይት የሚል መስመር በመቶዎች፣ ሁሉም ወደ ቴሌግራም። ማለትም ያኛው ወገን ግንኙነቱን ዘግቶ ሄዷል፣ የኛ ፕሮግራም ሶኬቱን ይዞ ቀርቷል። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ መልዕክት አዲስ ሴሽን ይከፍታል፣ የተከፈተውን ሊስት ውስጥ ያስቀምጣል፣ አይዘጋም። እዚህ ጋ ሊሚቱን 65535 ብታደርጉት ያተረፋችሁት ነገር ቢኖር ማታ የሚቆመው ከወራት በኋላ እንዲቆም ማድረግ ነው፣ ያኔ ደግሞ ምክንያቱን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። መድሃኒቱ ኮዱ ውስጥ ነው።

ጭነት የሆነው ደግሞ እንዲህ ነው፣ አንድ ኮሌጅ ውጤት ሲለቅ ተማሪው በሙሉ ባንዴ ይገባል፣ ቁጥሩ ጣሪያ ይነካል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይሄኛው ነው ሊሚት መጨመር የሚገባው። ስለዚህ ወደ ምርጫው።

ዩሊሚት በእጅ

ዩሊሚት -ኤን 8192 ብላችሁ እዛው ሼል ላይ ፕሮግራሙን ብታስነሱ ይሰራል፣ ሼሉ ሲዘጋ ያልቃል። ለአንድ ጊዜ ስክሪፕት፣ ለባካፕ፣ ለቴስት ከዚህ የተሻለ የለም። ለሰርቪስ አትመኑት። ሱዶ ዩሊሚት ብትሉ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ነው የሚላችሁ፣ ዩሊሚት ለብቻው ያለ ፕሮግራም ሳይሆን ሼሉ ውስጥ ያለ ነገር ስለሆነ። ደግሞ ተራ ዩዘር ሆናችሁ ሃርዱን ዝቅ ካደረጋችሁ እዛው ሼል ላይ መልሳችሁ ከፍ ማድረግ አትችሉም።

ኪዮት (ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) የምትማሩ ልጆች ኤረሩን በአይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ዩሊሚት -ኤን 20 በሉና ፓይተን ላይ በሉፕ ፋይል ክፈቱ፣ ወደ 17ኛው ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ 0፣ 1 እና 2 ለመግቢያ፣ ለመውጫና ለኤረር ቀድመው ስለተያዙ ነው ሃያ ያልሞላው።

ሊሚትስ.ኮንፍ

/ኢቲሲ/ሴኪዩሪቲ/ሊሚትስ.ኮንፍ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጥበት ነው፣ ስሙም ያታልላል። ይሄን ፋይል የሚያነበው ፓም የሚባለው የሎግኢን ስርዓት ነው፣ ፓም የሚሰራው ደግሞ ሴሽን ሲከፈት ነው፣ በኤስኤስኤች ስትገቡ፣ ኤስዩ ስትሉ። ማሽኑ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ሰርቪስ ግን ሎግኢን አያደርግም፣ ስለዚህ ይሄን ፋይል በጭራሽ አያየውም። እዚህ ላይ መቶ ጊዜ ሪቡት ቢደረግ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ላይ ምንም አይለወጥም።

ለማን ይሆናል ታዲያ? ሰርቨሩ ላይ ገብተው በእጅ ለሚሰሩ ሰዎች። ዴቨሎፐሮች ገብተው ቢልድ የሚያደርጉበት ማሽን ከሆነ፣ ወይ ደግሞ አሮጌ ፕሮግራም ኖሃፕ እየተባለ ከሼል የሚነሳበት ቦታ ከሆነ ትክክለኛው ቦታ ይሄ ነው። የዩዘሩ ስም፣ ሶፍት ወይም ሃርድ፣ ኖፋይል፣ ቁጥሩ፣ በቃ አንድ መስመር ናት። በዩዘሩ ስም ቦታ ለሁሉም ተብላ የምትገባው ኮከብ ምልክት ሩትን (ዋናውን አድሚን) አትጨምርም፣ ሩት ከፈለጋችሁ በስሙ ለብቻው ጻፉት። ሊሚትስ.ዲ ፎልደር ውስጥ ያሉት ፋይሎች ከዋናው በኋላ ስለሚነበቡ የጻፋችሁትን ሊሽሩት ይችላሉ፣ እሱንም እዩ። ከጻፋችሁ በኋላ ወጥታችሁ ግቡ፣ ቲመክስ (ብትወጡም ሼሉን ከፍቶ የሚያቆየው) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ትናንት የተከፈተው ቲመክስ የትናንቱን ሊሚት ይዞ ስለሚቆይ ዘግታችሁ ክፈቱት።

አንድ አደገኛ ነገር አለች። ከርነሉ ኤንአር_ኦፕን የሚባል ጣሪያ አለው፣ ዲፎልቱ 1048576 ነው። ከሱ በላይ የሆነ ቁጥር እዚህ ፋይል ላይ ከጻፋችሁ ፓም ሊሚቱን ማስቀመጥ ስለማይችል ሴሽኑን አልከፍትም ሊል ይችላል፣ ሱዶም እምቢ ሊል ይችላል። ኮምቦልቻ ቁጭ ብላችሁ ጀርመን ያለ ሰርቨር ከሆነ የምትነኩት ይሄ ቀልድ አይደለም። የገባችሁበትን ተርሚናል ሳትዘጉ በሌላ መስኮት ገብታችሁ ሞክሩ፣ ከገባ ያኔ የመጀመሪያውን ዝጉት።

ሲስተምዲ

የኔ ምርጫ ለሰርቪስ ሁሌም ይሄ ነው፣ ሌላ ነገር የምመርጥበት ምክንያት እስካላገኘሁ ድረስ። ሲስተምሲቲኤል ኤዲት፣ ከዛ የሰርቪሱ ስም፣ የሚከፈተው ባዶ ፋይል ላይ ሰርቪስ የሚለውን ርዕስ በቅንፍ ጽፋችሁ ከስሩ ሊሚትኖፋይል=16384። ሶፍትና ሃርዱን ለየብቻ ከፈለጋችሁ በሁለት ነጥብ ለይታችሁ 8192:65535 ማለት ትችላላችሁ። ሴቭ፣ ከዛ ሪስታርት። ሪሎድ አይበቃም፣ ያለው ፕሮሰስ የድሮውን ይዞ ነው የሚቀጥለው። ከዛ ተመልሳችሁ /ፕሮክ ላይ ያለውን ሊሚትስ እዩ፣ አምናለሁ ብላችሁ አትለፉት።

/ሊብ/ሲስተምዲ ስር ያለውን ዋናውን ፋይል ገብታችሁ አትቀይሩ፣ ፓኬጁ አፕዴት ሲሆን ይደመስሰዋል። ሲስተም.ኮንፍ ላይ ዲፎልቱን ለሁሉም ሰርቪስ ማሳደግም ይቻላል፣ እኔ አልወደውም፣ አንዱ ስለተራበ ሁሉንም ማጥገብ ነው፣ ሊክ ያለበት ሰርቪስ ካለም ይደብቅላችኋል።

ሱፐርቫይዘር (ፕሮግራሞችን የሚያስነሳና የሚጠብቅ) የምትጠቀሙ ከሆነ ከስሩ የሚነሱት የሚወርሱት ከሱፐርቫይዘሩ ነው፣ የራሱ ኮንፊግ ላይ ሚንኤፍዲኤስ የምትባል አለች፣ ዲፎልቷ 1024 ናት። ፒኤም2 (ለኖድ ተመሳሳይ ስራ የሚሰራው) ደግሞ ከሼል ካስነሳችሁት የሼሉን ይወርሳል፣ ስታርትአፕ አድርጋችሁ ከሆነ የሲስተምዲውን። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም በእጅ ሲነሳና መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሊሚቱ ሊለያይ ይችላል።

ፒአርሊሚት

ስለ መብራት ካነሳን አይቀር። ፒአርሊሚት የሚሰራውን ፕሮሰስ ሳታቆሙ ሊሚቱን የሚቀይር ነው፣ ከርነል 2.6.36 ላይ የመጣ። ሱዶ ፒአርሊሚት --ፒድ 1873 --ኖፋይል=8192:16384 ካላችሁ እዛው በቅጽበት ነው። ውጤት እየተለቀቀ፣ ወይ ሱቁ ሰው ሞልቶ ባለበት ሰዓት ሪስታርት ማድረግ የማይታሰብ ሲሆን ነፍስ ያድናል። ሃርዱን ከፍ ለማድረግ ሩት መሆን አለባችሁ።

ግን ፕሮሰሱ ሲሞት አብሮ ይሞታል። እዚህ እኛ ጋ መብራት እንደፈለገ በሚሄድበት፣ ዩፒኤሱ ሃያ ደቂቃ ከያዘ አልሃምዱሊላህ በሚባልበት ቦታ፣ በፒአርሊሚት የተስተካከለ ነገር እስከሚቀጥለው መጥፋት ድረስ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ፒአርሊሚት ካላችሁ በኋላ እዛው ሳትነሱ ሲስተምዲው ላይም ጻፉት። አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ ሲነሳ አንዴ ቆጥሮ የውስጥ ሰንጠረዡን በዛ ልክ ስለሚያዘጋጅ በኋላ ብታሳድጉለትም አይጠቀምበትም፣ ማይኤስኪውኤል እንደዛ ነው።

የፕሮግራሙ የራሱ ኮንፊግ

ዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ ወርከር_አርሊሚት_ኖፋይል የሚል አለው፣ ዋናው ፕሮሰስ ሩት ሆኖ ስለሚነሳ ለወርከሮቹ ራሱ ማሳደግ ይችላል፣ ይሄ እሱ ላይ ቀላሉ መንገድ ነው። ብቻ ከወርከር_ኮኔክሽንስ ጋር አብራችሁ ነው የምታዩት። የኡቡንቱው ኮንፊግ 768 ነው፣ ኤንጂንኤክሱ ከኋላ ላለ ፕሮግራም ፕሮክሲ እያደረገ ከሆነ ደግሞ ለአንድ ሰው ሁለት ኮኔክሽን ይበላል፣ አንዱ ከሰውየው አንዱ ወደ ኋላ፣ ስለዚህ በአንድ ወርከር 384 ሰው አካባቢ ነው። ያ ኮሌጅ ላይ መጀመሪያ የታየው ኤረር እንዲያውም የፋይል አልነበረም፣ «768 ወርከር_ኮኔክሽንስ አር ኖት ኢናፍ» የሚለው ነበር። ያንን 4096 አድርጋችሁ አርሊሚቱን ከረሳችሁት ኤንጂንኤክስ ሲነሳ ኮኔክሽኑ ከፋይል ሊሚቱ ይበልጣል ብሎ ያስጠነቅቃችኋል፣ ማንም ግን አያነበውም፣ ከዛ ሰው ሲበዛ ቁጥር 24 ይመጣል። ኮኔክሽኑ 4096 ከሆነ አርሊሚቱን 8192 ብታደርጉት ለሎጉም ለፋይሉም ይተርፋል።

ማይኤስኪውኤልና ማሪያዲቢ ላይ ኦፕን_ፋይልስ_ሊሚት አለ። ዳታቤዙን ሲስተምዲ የሚያስነሳው ገና ከጅምሩ በማይኤስኪውኤል ዩዘር ከሆነ ከሃርዱ በላይ መሄድ አይችልም፣ ኮንፊጉ ላይ የፈለጋችሁትን ጻፉ። አሮጌዎቹ ቨርዥኖች ላይ ሎጉ መጀመሪያ ላይ የጠየቀውንና ያገኘውን ይጽፋል፣ ካነሰው የቴብል ካሹን ቀንሶ ነው የሚነሳው፣ ኤረር የለም፣ ዝም ብሎ ቀርፋፋ ይሆናል። ለሱ ሲስተምዲውን መጀመሪያ፣ ኮንፊጉን ቀጥሎ።

ሲስሲቲኤል

ፋይል-ማክስን (የማሽኑን ጠቅላላ ጣሪያ) መጨመር ለቁጥር 23 ብቻ ነው። ከርነሉ ራሱ ለአንድ ፋይል አንድ ኪሎባይት ገደማ እያሰበ ከሜሞሪው እስከ አስር ፐርሰንት ነው የሚያስቀምጠው፣ ስለዚህ ሁለት ጊጋ ራም ያላት ትንሽ ማሽን እንኳ ሰፊ ቦታ አላት። አንድ ሰርቪስ 1024 ላይ ሲቆም ይሄን የሚነካ ሰው ሌላ ሰፈር ነው ያለው።

ዶከር

ኮንቴነሩ የሚወርሰው ከዶከሩ ነው፣ እናንተ ከገባችሁበት ሼል አይደለም፣ ከሊሚትስ.ኮንፍም አይደለም። ስታስነሱት --ዩሊሚት ኖፋይል=8192:16384 ትሰጡታላችሁ፣ ኮምፖዝ ላይ ዩሊሚትስ በሚለው ስር ትጽፋላችሁ፣ ለሁሉም ኮንቴነር ከፈለጋችሁ ዴሞን.ጄሰን ላይ ዲፎልት-ዩሊሚትስ አለ።

ዶከር ላይ ግን ተቃራኒው ችግርም አለ፣ ሊሚቱ ከመጠን በላይ ትልቅ መሆን። አንዳንድ ዲስትሮ ላይ የኮንቴነርዲው (ከዶከሩ ስር ሆኖ ኮንቴነሮቹን የሚያስነሳው) ሊሚት «ኢንፊኒቲ» ተብሎ ስለተቀመጠ ኮንቴነሩ ውስጥ ያለው ቁጥር ሚሊዮን ወይ ቢሊዮን ይሆናል። አሮጌ ፕሮግራሞች ልጅ ፕሮሰስ ከማስነሳታቸው በፊት ከ3 ጀምረው እስከ ሊሚቱ ድረስ ያለውን ቁጥር አንድ በአንድ ዝጋ ዝጋ ይላሉ፣ ሊሚቱ 1024 ሲሆን አይታወቅም፣ ቢሊዮን ሲሆን ሲፒዩው መቶ ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። አሮጌ ማይኤስኪውኤል ኢሜጅ ደግሞ በዛ ቁጥር ልክ ሜሞሪ ልያዝ ብሎ ጊጋዎችን ይውጣል። ኮንቴነር ውስጥ ያለ ምክንያት የሚንቀራፈፍ ነገር ካጋጠማችሁ ዩሊሚት -ኤን ብላችሁ ውስጡን እዩ፣ ትልቅ ከሆነ ዝቅ አድርጉት።

ስንት ይሁን ለሚለው፣ የታየውን ከፍተኛ ቁጥር በሶስት ወይ በአራት አባዙ። ስራ በሚበዛበት ሰዓት 900 ከነበረ 4096 ይበቃዋል፣ 3000 ከደረሰ 16384። 65535 ለብዙ ስራ ምንም አይጎዳም፣ ሰሌክት የሚጠቀም አሮጌ ነገር ካለ ግን ሶፍቱን 1024 ላይ ትታችሁ ሃርዱን ብቻ አሳድጉለት። ኤረሩን አሁን እያያችሁት ከሆነና ሰው ስልክ እየደወለባችሁ ከሆነ አብሽሩ፣ ፒአርሊሚት አድርጉና ኤፍዲውን በየአስር ደቂቃው ቆጥራችሁ ፋይል ላይ የምትጽፍ አንድ መስመር ክሮን (ትዕዛዝን በሰዓቱ የሚያስነሳው) ላይ አስገቡ፣ ነገ ጠዋት ሊክ ይሁን ጭነት ከቁጥሩ ታዩታላችሁ።